ደካማ ብርሃንን ስለ ማየት፤ የሩቅ ጋላክሲዎች ምልከታ ታሪክና የቴፒ ሰማይ

መግቢያ

ስለ ቴፒ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ቡናው፥ ቅመማ ቅመሙ፥ ደኑና ዝናሙ ነው። ይህ ሁሉ ከምድሯ የሚገኝ ሀብት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከምድሯ በላይ ያለውን፥ ይኸውም የሌሊት ሰማይዋን፥ ከታሪክ ጋር አያይዞ መመርመር ነው። ቴፒ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ ስለ ሆነች የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ለእርስዋ ክፍት ነው። ስለዚህ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ተራርቀው የተገኙትን የጋላክሲ ጭፍሮች በአንድ ሌሊት ከአንድ ሥፍራ ሊያይ የሚችል ተመልካች ቢኖር፥ ከቴፒ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቈጠሩ ከዋክብት ተሰብስበው የሚኖሩበት ታላቅ ጉባኤ ነው። እኛ የምንኖርበት ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ብዙዎቹ ጋላክሲዎች ብቻቸውን አይኖሩም፤ አራት፥ አምስት፥ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሆነው ይጓዛሉ። ከርቀታቸው የተነሣ ብርሃናቸው እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፥ እነርሱን ማየት ሁልጊዜ ሁለት ነገሮችን ጠይቋል። አንደኛው ትልቅ መስተዋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያየውን ከገመተው ለይቶ የሚጽፍ ተመልካች ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአገራችን ሰማይን የተመለከቱ

ሰማይን መመልከት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ምሕዋር የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው። የቤተ ክህነት ሊቃውንትም ባሕረ ሐሳብን እያስተማሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ባሕረ ሐሳብ በቀመር የሚሠራ ስለ ሆነ ሌሊት ወጥቶ ሰማይን ማየትን ግድ አይልም።

በዓይን ለሚደረገው ምልከታ የተሻለው ምሳሌ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ፥ በኦሞ ወንዝ አጠገብ በሚኖሩት በሙርሲዎች ዘንድ ነው። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፥ ሙርሲዎች የደቡብ መስቀልና የጎረቤቱ ከዋክብት በምሽት ተራ በተራ ከአድማስ ሲጠልቁ እየተመለከቱ የኦሞን ሙላትና የሙላቱን መጕደል ይለያሉ፤ የወንዝ ዳር እርሻቸውንም ከዚህ ጋር ያስማማሉ። ወሩ ስንተኛው እንደ ሆነ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ነውር አይደለም። በመጨረሻ የሚፈርደው ሁሉም ሊያየው የሚችለው ነገር፥ ማለት ኮከቡና ወንዙ ነው። ምልከታ በአንድ ሰው ቃል ብቻ የማይጸና፥ ሌላው መጥቶ ሊያረጋግጠው የሚገባ መሆኑን እነዚህ ሰዎች ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

በመነጽር የተደረገው ምልከታ ከውጭ መንገደኞች ጋር መጣ። ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ሲደርስ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ መሣሪያና ቴሌስኮፖች ይዞ ነበር። ከእርሱ ይልቅ ወደ ያዝነው አገር የሚቀርበው ግን ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ገብቶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተዘዋወረ። በ1843 ወደ እናርያ ወደ አባ ባጊቦ አገር ወረደ፤ ከዚያም የእናርያው ንጉሥ ወደ ከፋ ከላካቸው የሙሽራ አምጪዎች ጋር ተጕዞ ቦንጋ ደረሰ። የከዋክብትን ከፍታ እየለካ ኬክሮስን፥ ጨረቃ ኮከብን የምትሸፍንበትን ደቂቃ እየጠበቀ ኬንትሮስን፥ ተራሮችን ከሩቅ በመሣሪያው እያነጣጠረ የቦታዎችን አቀማመጥ ያወጣ ነበር። የዚህ ሁሉ ሥራ ውጤት ከ1860 እስከ 1873 በታተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ መጽሐፍ ተሰብስቧል።

ዳባዲ በልኬቱ የታመነ ሰው ነበር። ነገር ግን የጊቤንና የኦሞን ውሃ አይቶ የነጭ ዓባይ ምንጭ ይህ ነው ብሎ አወጀ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ተከራከረው። በኋላም በ1890ዎቹ የቪቶሪዮ ቦቴጎ ጕዞ የኦሞ ውሃ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። እንግዲህ የዳባዲ የኮከብ ልኬት ሲጸና በወንዙ ላይ የሰጠው ፍርድ ወደቀ። ልኬቱን ከፍርዱ ለይቶ ጽፎ ስለ ነበር ግን አንዱ ሲወድቅ ሌላው አብሮ አልጠፋም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የደካማ ብርሃን ታሪክ

ዳባዲ በኢትዮጵያ ሰማይ ምድርን በሚለካበት ዘመን፥ በሌላው ዓለም ጥቂት ሰዎች ሰማዩን ስለ ራሱ ሲሉ ይመረምሩ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሙያ የከዋክብት ሊቃውንት አልነበሩም። ዊልያም ሄርሼል እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሙዚቃ መምህር ነበር። መስተዋቱን በገዛ እጁ እየሞረደ በ1781 ዩራኑስን አገኘ፤ ከ1783 ጀምሮም ከእኅቱ ከካሮላይን ጋር 47 ሳንቲ ሜትር በሚያህል መስተዋት 2,500 ያህል ደመና መሰል ብርሃኖችንና የከዋክብት ክምችቶችን መዘገበ። ልጁ ጆን ሄርሼል ከ1834 እስከ 1838 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ እንዲሁ አጠና። እርሱ ኬፕን የለቀቀበት ዓመት ዳባዲ ምጽዋ የገባበት ዓመት ነው።

በ1845 የአየርላንዱ ባለ ርስት ሎርድ ሮስ ስፋቱ 183 ሳንቲ ሜትር በሆነ መስተዋት ከደመናዎቹ አንዱ እንደ አዙሪት የተጠመዘዘ መሆኑን አይቶ ሣለው። በ1877 ኤድዋር ስቴፋን በማርሴይ ከተማ 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ያያቸውን፥ በፔጋሰስ ኮከቦች መካከል ተጠጋግተው የቆሙ ደካማ ብርሃኖች ለዓለም አስታወቀ። ዛሬ የስቴፋን አምስቱ ይባላሉ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ነገሮች ምን እንደ ሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎች መሆናቸው የታወቀው ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኑ የሚለዋወጥ ኮከብ አግኝቶ ርቀቱን ካሰላ በኋላ ነው።

የስቴፋን አምስቱ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1961 ጄፍሪና ማርጋሬት በርቢጅ የጋላክሲዎቹን ብርሃን ከፋፍለው ሲመረምሩ፥ ከአምስቱ አንዱ ከቀሩት እጅግ ባነሰ ፍጥነት ከእኛ እንደሚርቅ አገኙ። ያ አንዱ ከእኛ 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ሲገኝ የቀሩት ግን 300 ሚሊዮን ገደማ ይርቃሉ። እንግዲህ አምስት ሆነው የሚታዩት በእውነት አራትና አንድ ናቸው፤ አንዱ በመንገዱ ላይ ከፊት ቆሞ ነው። ስቴፋን ያየውን ቦታውን ለክቶ ስለ ጻፈ ሌሎች ከ80 ዓመት በላይ ቆይተው ሊመረምሩት ቻሉ። ይህም የዳባዲን ነገር ይመስላል፤ የታየው ጸንቶ ይኖራል፥ ስለ ታየው የተሰጠው አስተያየት ግን ይታረማል።

በ1982 ፖል ሂክሰን እንዲህ ያሉ ተጠጋግተው የሚታዩ ጭፍሮችን 100 መርጦ ዝርዝር አወጣ። በ2022 ደግሞ የጀምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ለሕዝብ ካቀረባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች አንዱ የስቴፋን አምስቱ ነበር።

ትልቅ መስተዋትና የሠለጠነ ዓይን

የጋላክሲ ጭፍሮችን ማየት ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው የደረሰው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ዶብሰን የተባለ መነኵሴ ከተጣለ የመርከብ መስኮት መስተዋት እየሞረደ፥ ከእንጨት ሰሌዳም ቀላል መቀመጫ እየሠራ ትልቅ ቴሌስኮፕ በጥቂት ገንዘብ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የ40 ወይም የ50 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ያላቸው አማተር ተመልካቾች በብዙ አገር አሉ። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስተዋት በጨለማ ከተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን ይልቅ 3,000 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል።

መስተዋቱ ብቻ ግን አይበቃም። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በዚህ መካከል አንድ መብራት ቢበራ ድካሙ ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ደግሞም በዓይናችን መካከል ያለው ክፍል ለቀን ብርሃን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ደካማ ነገር ቀጥታ ሲመለከቱት ይጠፋል፤ ትንሽ ወደ ጐን ሲመለከቱ ግን ብቅ ይላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተመልካች ጥግ ጥጉን ያያል፤ ቴሌስኮፑን በቀስታ ይነካና ብርሃኑ አብሮ ሲንቀሳቀስ ይለየዋል። ከዚያም ሥዕሉን ከመጽሐፍ ሳያይ በወረቀት ላይ ይሥላል፤ «በግልጽ ታየ»፥ «በጥርጣሬ ታየ»፥ «አልታየም» ብሎም ለይቶ ይጽፋል። አስቀድሞ ሥዕሉን ያየ ሰው ያልታየውን አየሁ ለማለት ይፈተናልና። «አልታየም» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለው መዝገብ ውስጥ ክብር ያለው ቃል ነው።

የቴፒ ሰማይ

አሁን ወደ ቴፒ እንመለስ። አንድ የሰማይ ነገር ከፍ ብሎ ሲታይ ከአድማስ ምን ያህል እንደሚነሣ ከኬክሮስ በቀላል ሒሳብ ይወጣል። የስቴፋን አምስቱ በቴፒ እስከ 63 ዲግሪ ከፍ ይላሉ፤ በኬፕ ግን 22 ዲግሪ ብቻ ናቸው። ጆን ሄርሼል በኬፕ ያገኛቸውና ዛሬ የሮበርት አራቱ የሚባሉት፥ በፊኒክስ ኮከቦች መካከል ያሉት ጋላክሲዎች ደግሞ በቴፒ እስከ 34 ዲግሪ ይነሣሉ፤ ስቴፋን በነበረበት በማርሴይ ግን ከአድማስ ፈጽሞ አይወጡም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ የስቴፋን አምስቱ በሰሜን ምዕራብ ከግማሽ ሰማይ በላይ ሲሆኑ፥ የሮበርት አራቱ በዚያው ሰዓት በደቡብ ቆመው ይገኛሉ። ሁለቱን ለማየት ቴሌስኮፑን ማዞር እንጂ አገር መለወጥ አያስፈልግም።

በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በፎርናክስ ያለው የጋላክሲዎች ክምችት በደቡብ 47 ዲግሪ ይደርሳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአሰድ ኮከቦች ውስጥ ያለውና በሂክሰን ዝርዝር 44ኛ የሆነው ጭፍራ 75 ዲግሪ ይነሣል። ከ1,000 በላይ ጋላክሲዎች ያሉበት የሰንቡላ ክምችት ደግሞ ከንጋት በፊት በራስ ላይ ሊሆን ምንም አይቀረው። አሰድና ሰንቡላ ከሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ስማቸውን የምናውቃቸው ናቸው።

እንቅፋት የለም ማለት አይደለም። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት፥ ዝናም የሚበዛባት፥ አየሯም እርጥብ የሆነ አገር ናት። ጤዛው መስተዋቱን ያለብሰዋል፤ ሻጋታም ሌንሱን ያበላሻል። ስለዚህ ታላላቅ የምርምር ቴሌስኮፖች የሚተከሉባት ሥፍራ አይደለችም። ነገር ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፥ ቡናው ተሰጥቶ በሚደርቅበት ደረቅ ወራት አካባቢ፥ ጨረቃ የሌለባቸውን ሌሊቶች የሚጠብቅ ተመልካች ከላይ የተዘረዘሩትን ጭፍሮች በየጊዜያቸው ያገኛቸዋል። በ2012 የዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ የተመዘገበው የሸካ ደንም ለጨለማው ባለውለታ ነው፤ ደን ባለበት የመንገድ መብራት የለምና።

ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ

በአገራችን ተቋማት በኩል የነበረውን ሥራ በአጭሩ እናንሣ። በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ሲቋቋም ዓላማው የምድርን መግነጢስ መለካት ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ ናትና። በ1966 ከኢራን ወደ ደብረ ዘይት የተዛወረው የስሚዝሶኒያን ካሜራ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ የሰማይ ዓይን ነበር፤ ተግባሩ ግን ሰው ሠራሽ ሳተላይቶችን መከታተል ነበር። እንግዲህ ከብሩስ እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ወደ አገራችን የገቡት መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰማይ በኩል የምድርን ጕዳይ ይጠይቁ ነበር።

ይህ የተለወጠው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ከተመሠረተ ወዲህ ነው። በእርሱ ጥረት 3,200 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ በእንጦጦ፥ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመው ጣቢያው በ2015 ተመረቀ። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም በውጭ አገር ቴሌስኮፖች በተሰበሰበ መረጃ ስለ ጋላክሲዎች ምርምር ጀምረዋል። እንጦጦ ግን ከዋና ከተማው ራስጌ ያለ ተራራ ነው፤ የከተማው መብራት በሰፋ ቍጥር ደካማው ብርሃን ይሰወራል። ስለዚህም በላሊበላ አካባቢ ባሉት ከፍተኛ ተራሮች ላይ የተሻለ ሥፍራ ለማግኘት ጥናት ተደርጓል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ደካማውን ብርሃን ለዓለም ያስተዋወቁት በብዛት መስተዋታቸውን ራሳቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውም የጸናው ያዩትን ከገመቱት ለይተው ስለ ጻፉ ነው። ሁለተኛ፥ ጨለማ እንደ ደን ያለ ሀብት ነው፤ ቀስ በቀስ ይመናመናል፥ መጥፋቱም የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ የፊዚክስ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ያሉ ተማሪዎችና መምህራን 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ መስተዋትና በአንድ መዝገብ፥ ከዓመት ዓመት በተወሰኑ ሌሊቶች የትኞቹ ጭፍሮች እንደ ታዩና የትኞቹ እንዳልታዩ ቢጽፉ፥ መዝገቡ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። ስለ ጋላክሲዎች ትምህርት ይሆናል፤ ስለ ራሱ ስለ ቴፒ ጨለማ ደግሞ ምስክር ይሆናል። በአንድ ዓመት «በግልጽ ታየ» የተባለው ከአሥር ዓመት በኋላ «አልታየም» ቢባል፥ የተለወጠው ጋላክሲው ሳይሆን የእኛው ሰማይ መሆኑ ይታወቃል። ሙርሲዎች ኮከቡን አይተው ስለ ወንዛቸው እንደሚያውቁ፥ የቴፒም ተመልካች ሩቁን አይቶ ስለ ቅርቡ ሊመሰክር ይችላል።