የዊልያም ሞሪስ መልእክታት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. ተወልዶ በ1896 ዓ.ም. ያረፈው እንግሊዛዊው ባለቅኔና የጥበበ እድ ሊቅ ዊልያም ሞሪስ፣ በግድግዳ ወረቀት ሥዕሎቹና ኬልምስኮት ብሎ በሰየመው ማተሚያ ቤቱ መጻሕፍት ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ ያ ሁሉ ውበት በምን ዓይነት ድካምና ጭንቀት እንደ ተወለደ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ኖርማን ኬልቪን የተባሉት ምሁር ከያሉበት ሰብስበው ከ1984 እስከ 1996 ዓ.ም. ያሳተሟቸውን ደብዳቤዎቹን መመልከት ይገባዋል።

ከእነዚህ መካከል ከሁሉ አብልጬ የምወድደው፣ በስታፎርድሻየር አውራጃ በሊክ ከተማ የማቅለሚያ ቤት ለነበረው ለቶማስ ዎርድል የጻፈውን ነው። ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚወጣው አዲስ ቀለም ገበያውን በሞላበት በዚያ ዘመን፣ ሞሪስ ሰማያዊውን ከኢንዲጎ ቅጠል፣ ቀዩንም ማደር ከሚባለው ተክል ሥር የማውጣትን ጥንታዊ ጥበብ ለመመለስ ቆርጦ ተነሥቶ፣ የቀደሙ ሊቃውንትን መጻሕፍት ከመመርመሩም በላይ፣ ሊክ ድረስ ወርዶ እጆቹ ሰማያዊ እስኪሆኑ ከማቅለሚያው ጋን ዘንድ ይውል ነበር። ለንደን ሲመለስም ብዕሩ አያርፍም፤ ይህኛው ጨርቅ ከናሙናው አልገጠመም፣ ያኛው ፀሐይ ሲያየው ለቀቀ እያለ ወዳጁን ይወቅሰዋል። እኔ ግን በዚህ ወቀሳ ውስጥ የማየው ቁጣን አይደለም፤ ሥራው ጎድሎ ከሰው እጅ እንዳይገባ የሚሳሳ ሰው ፍቅር ነው።

ይኸው ብርቱ ሰው፣ ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጥል በሽታ ላደረባት ለበኩር ልጁ ለጄኒ ሲጽፍ ቃሉ ይለሰልሳል፤ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ቴምዝ ወንዝ፣ ስለ ዕለት ሥራው ሳይሰለች ያወጋታል።

በ1891 ዓ.ም. በሐመርስሚዝ ማተሚያ ቤቱን ሲያቋቁምም ያው ለሥራው የመሳሳት ጠባዩ ተከተለው። የመጀመሪያውን ፊደል፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቬኒስ ያትም የነበረውን የኒኮላ ዤንሶንን ጽሕፈት በፎቶግራፍ አጉልቶ እየመረመረ ነደፈ፤ ወረቀቱም በኬንት አውራጃ ከበፍታ ጨርቅ በእጅ ይሠራለት ነበር። የድካሙ ፍጻሜ የሆነው የጥንቱ እንግሊዛዊ ባለቅኔ የቾሰር መጽሐፍ፣ ወዳጁ በርን ጆንስ የሣላቸውን 87 ሥዕሎች ይዞ፣ 425 ቅጂ በወረቀት፣ 13 ቅጂ ደግሞ በብራና ታትሞ ሲወጣ፣ ሞሪስ ሰውነቱ በደዌ ደክሞ ነበር፤ በጁን 1896 ዓ.ም. መጽሐፉን በእጁ ይዞ ለማየት ቢበቃም፣ በኦክቶበር 3 ቀን አረፈ። ወዳጆቹም የቀሩትን መጻሕፍት አትመው ከጨረሱ በኋላ ማተሚያ ቤቱን በ1898 ዓ.ም. ዘጉት።