ጥርስ ነቃይ እንዴት ኬሚስትሪ ተማረ?

ሻይ ላይ በተገናኘን ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርልንም። «ጥርስ ለሚሞላ ሰው የካርቦን ቀለበት ሲስል ማደር ምን ይሠራለታል?» እንባባላለን፤ በተለይ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ማግስት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እየተማርን ወደ ጥርስ ሕክምና የምናልም ሁሉ ይኸን ሸክም እናውቀዋለን። አገር ቤት ያለው እኩያችን ሌላ ዲግሪ ሳይጠየቅ ወደ ሙያው ይገባል፤ እዚህ ግን ከ4ቱ የሙያው ዓመታት በፊት አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ኮሌጅ አለ። ታዲያ ይኸን ሸክም ማን ጫነብን? (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቀድሞማ የሚጠየቅ ኮርስ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ከአንድ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ይገባል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ እያየ ይለምዳል፣ ከዚያ የራሱን ወንበር ይዘረጋል። ሆራስ ሄይደንና ቻፒን ሃሪስ በ1840 በባልቲሞር የመጀመሪያውን የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ሲከፍቱ የመጡት ተማሪዎች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ1841 የተመረቁት ደግሞ 2። ሃርቫርድ በ1867 የጥርስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሙያውን ከዩኒቨርሲቲ ጋር አገናኘው። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ባለቤቶቻቸው ለትርፍ የያዟቸው ነበሩና፣ ተማሪው ምን ተምሮ መጣ ብሎ የሚጨነቅ እምብዛም አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ጥርሱ ራሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዊሎቢ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በርሊን ተቀምጦ የአፍን ተዋሕስያን ሲመረምር ቆየና በ1890 ውጤቱን በመጽሐፍ አወጣ። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከምግብ የተረፈውን ስኳር አብላልተው አሲድ ያደርጉታል፤ አሲዱም የጥርሱን ልባስ ማዕድን ያሟሟዋል። እስቲ ይኸን አረፍተ ነገር እንፍታው። ባክቴሪያው ባዮሎጂ ነው፤ ስኳሩ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፤ የመብላላቱ ሂደት ባዮኬሚስትሪ፤ አሲድና ማዕድኑ ደግሞ ፍሬሽማን ሳለን የሸመደድነው ጠቅላላ ኬሚስትሪ። የምንማረርበት የኮርስ ዝርዝር በሙሉ አንድ የተበላ ጥርስ ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ገብቶ ሥራ ሲጀምር የአገሩ ልጆች ጥርስ በልዞ አገኘው። ከውሃው እንደሚመጣ ጠረጠረ፤ ግን ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ሊደርስበት ሳይችል 30 ዓመት ለፋ። በ1931 መልሱን ያገኘው የጥርስ ሐኪም አልነበረም፤ የአንድ አሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል ውሃውን መርምሮ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ አገኘበት። ከመካከላችን በስምጥ ሸለቆ ያደገ ካለ የበለዘውን ጥርስ ለማየት ኮሎራዶ መሄድ አያስፈልገውም፤ በወንጂም በዝዋይ ዙሪያም የጉድጓድ ውሃው ይኸንኑ ሲሠራ ኖሯል።

እንግዲህ ዊሊያም ጊስ በ1926 ለካርኔጊ ድርጅት ያቀረበው ትልቅ ሪፖርት በዚህ መካከል የመጣ ነው። ጊስ ጥርስ ነቅሎ አያውቅም፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ነበር። የጥርስ ትምህርት ከንግድ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ይግባ፣ ተማሪውም አስቀድሞ 2 ዓመት ኮሌጅ ይማር አለ። ሐሳቡ በ1930ዎቹ ውስጥ ሥር ሰደደ። ጥሩ አድርጓል እንላለን፤ ግን ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ወጪውም ከፍ አለ። ጥቁር ተማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በአመዛኙ የሚማሩት በሃዋርድና በሜሃሪ ብቻ ነበር፤ ለእነሱ የተጨመረው እያንዳንዱ ዓመት ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያዳግትም።

ለእኛም አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ «መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ውሰድ» የሚል ምክር ሰምቶ ጠቅላላ ኬሚስትሪን ወደ 2ኛ ዓመት ገፋው። ምክሩ ክፋት አልነበረበትም፣ ስሌት እንጂ ያጣው። ጠቅላላ ኬሚስትሪ 2 ሴሚስተር ይፈጃል፤ ያለ እሱ ኦርጋኒክ አይሰጥም፤ ኦርጋኒክም ሌላ 2 ሴሚስተር ነው፤ ባዮኬሚስትሪ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማመልከቻው ደግሞ የሚከፈተው ትምህርቱ ከመጀመሩ 1 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ 3ኛውን ዓመት እንደጨረስን ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው ቀን ወደ ኋላ እንቁጠር፦ ባዮኬሚስትሪ በ3ኛ፣ ኦርጋኒክ በ2ኛ፣ ጠቅላላው ከባዮሎጂ ጋር በ1ኛ ዓመት። በመግቢያ ፈተናው ካሉት 100 የተፈጥሮ ሳይንስ ጥያቄዎች 40ው ባዮሎጂ፣ 60ው ኬሚስትሪ ነው። ፊዚክስ ጭራሽ የለበትም፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን ብዙዎቹ ይጠይቁታልና ባለ ክፍተት ቦታ ይግባ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የየራሳቸውን ማየት ግድ ነው።

ድሮ ፈተናው ላይ ጠመኔ በቢላ መቅረጽ ነበረበት፤ የእጅ ብልሃት ለማየት ነው። በ1972 ቀርቶ በወረቀት ላይ ቅርጽ የመለየት ጥያቄ ተተካ። ያ ወዳጃችን ይኸን ሲሰማ «ጠመኔውን እኔ እቀርጽላቸው ነበር» አለ። እሱ አሁን በክረምቱ ኦርጋኒክን በ10 ሳምንት ሊጨርስ ተመዝግቧል፤ የላብ ማስታወሻውን የምናውሰው ተራ በተራ ነው።