ከውኃው ስንት እርምጃ? የጣናና የኒዳ ዳርቻ ትምህርት

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ መመለስ ስናወጋ ጨዋታችን ብዙ ጊዜ ሐይቅ ዳር በተሠራች ጎጆና ከበሯ ፊት በታሰረች ጀልባ ላይ ያርፋል። ቢሾፍቱ የሚል አለ፤ ሐዋሳ የሚል አለ፤ ባሕር ዳርና ጎርጎራ የሚልም አይጠፋም። ሕልሙ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ንድፉ ወደ መሐንዲስ ከመሄዱ በፊት ታሪክን መጠየቅ ይገባል። ውኃ ዳር የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ውሳኔው የግድግዳና የክዳን ነገር ሳይሆን ከውኃው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጣና ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ታንኳ መሥራትን ሙያው አድርጎ የኖረው ወይጦ በመባል የሚታወቀው ሕዝብ፣ ከዳርቻው የሚያጭደውን ደንገል አድርቆና አስሮ ታንኳ ያደርገዋል። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ ታንኳዋ ከጉዞ መልስ ወደ የብስ ትወጣና ፀሐይ ላይ ትደርቃለች፤ የጀልባ ቤት አላስፈለጋትም። ስታረጅ እዚያው ትበሰብሳለች፤ ምትክዋም በዳርቻው በቅሎ ይጠብቃል። ደንገሉ የታንኳ ሠሪው መጋዘን ነው።

ገዳማቱም እንዲሁ ናቸው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ በመኖሩ ጫካው ቆየ፤ ቡናውም በዛፍ ጥላ ሥር አደገ። አብያተ ክርስቲያናቱ በዛፍ ታጅበው እንጂ ዳርቻውን መንጥረው አልቆሙም።

ጎርጎራ ላይ ደግሞ ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632) በድንጋይና በኖራ የተገነባው ማርያም ግምብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ የሣር ክዳን የለበሰችው ደብረ ሲና ማርያም ግን እየታደሰች ዘመን ተሻግራለች። ለግምቡ መፍረስ የሃይማኖቱ ጠብ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ቢሆንም ጠጋኝ ያጣ ድንጋይ ጠባቂ ካለው ሣር ቀድሞ መውደቁን ታዝበናል።

ይህ ጸሐፊ ከሚኖርበት ከኒድ የሚቀሰም ትምህርትም አለ። በ1928 ከፍራንክፈርት ጋር የተቀላቀለችው ኒድ የኒዳ ወንዝ ከማይን ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ የተቀመጠች ናት። በ1920ዎቹ ጎርፍ ያስመረራቸው መሐንዲሶች የወንዙን ጥምዝምዝ ቆርጠው ቀጥ ያለ ቦይ አደረጉት። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ችግራቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ወንዙ ከረግረጉና ከዓሣ መራቢያው ተለያየ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከ1990ዎቹ ወዲህ ገንዘብ እያወጡ ዳርቻውን ያላላሉ፤ የተቆረጡ ክንዶችን መልሰው ያገናኛሉ። ባለጠጋው አገር ስህተቱን በገንዘብ ሊያርም ይሞክራል። እኛስ በምን እናርማለን?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ1830ዎቹ ጎንደርን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል የጣናን ዓሦች ለሳይንስ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በሌላ በየትም ስፍራ የማይገኙት የጣና ዓሦች ግልገሎቻቸውን ከሚያሳድጉባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። በ1996 የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ፍሰት በሰው እጅ ገባ። በ2003 ውኃው እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ሰፊ የደንገል ስፍራም ጠፋ። በ2011 እምቦጭ ታየ። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዘገበው፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም በዚህ ሥራ ተባብሯል። በ2020 ደግሞ ገበታ ለሀገር ጎርጎራን ከሚለሙ ስፍራዎች አንዱ አደረገ። እንግዲህ ግንባታው መጥቷል፤ የሚቀረው ክርክር ስለ አሠራሩ ነው።

«ልማት ልታደናቅፍ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ጎጆው ይሠራ፤ ግን ከደንገሉ ኋላ ይሁን። ወደ ውኃው መውረድ ካስፈለገ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃል። እያንዳንዱ ጎጆ የራሱን ወደብ ከሚቆፍር ሃያው ጎጆ በአንድ ማረፊያ ይጠቀም። ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ አይውረድ። የታንኳ ሠሪውም ሙያ ለፎቶግራፍ ማጀቢያ ብቻ ሳይሆን በዋጋ የሚገዛ ዕውቀት ይሁን፤ ደንገሉ የት እንደሚያገግም ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አባቶች። ደንገሉን «ዕይታ ጋረደ» ብሎ የሚመነጥር ባለሀብት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመስኮቱ የሚያየው እምቦጭ ሊሆን ይችላል። ገንዘባችንን ይዘን ወደ አገር ስንመለስ፣ ከጀርመን ሲሚንቶውን ብቻ ሳይሆን ጸጸቱንም ብንማርበት መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።