ቅርንፉዱን ማን ለቀመው?

ቅርንፉድ ለቀማ ፋታ አይሰጥም። እንቡጡ ቀላ ሲል ካልተቀጠፈ አበባው ይፈነዳል፤ ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ዛፉ ረጅም፣ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው። ለቃሚው ወጥቶ ዘለላውን በእጁ ይቀጥፋል፣ እንቡጡን ከዘንጉ ለይቶ በሰሌን ላይ ያሰጣል። 3 ኪሎ እርጥብ እንቡጥ ሲደርቅ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እኔ መርካቶ ቅመም እየቸረቸርኩ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ። የዛንዚባርን ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ቅርንፉድ በሰፈርኩ ቁጥር እነዚያ ለቃሚዎች ትዝ ይሉኛል።

ተክሉ ከኢንዶኔዥያ ሞሉካ ደሴቶች የተነሣ ነው፤ ዛንዚባር የደረሰው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። የኦማኑ ገዥ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ትርፉን አይተው እርሻውን አስፋፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማም መቀመጫቸውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። ባለመሬቱ ለአንድ ኮኮናት ሦስት ቅርንፉድ እንዲተክል አዘው እንደነበር ይነገራል።

ያን ሁሉ ዛፍ የተከሉትና የለቀሙት ከዛሬዎቹ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ተይዘው፣ ብዙዎቹም በኪልዋ ወደብ ተጭነው የመጡ ባሮች ናቸው። በልማዱ አምስት ቀን ለጌታቸው ይሠራሉ፤ ኀሙስና ዓርብ በተሰጣቸው ቁራሽ መሬት ካሳቫቸውን ይተክላሉ። ይህን እንደ ደግነት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ባሪያው በዕረፍቱ ቀን የራሱን ቀለብ ሲያመርት ጌታው ከቀለብ ወጪ ይድናል።

ከእኛም አገር የተወሰዱ ነበሩ። ሐበሾቹ ሴቶች ግን በብዛት የገቡት ለዕቁባትነት ወደ ጌቶች ቤት ነው። የሰዒድ ልጅ የሆነው የሱልጣን በርጋሽ እናት ሐበሻ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1872 ዐውሎ ነፋስ የዋናውን ደሴት አብዛኛውን የቅርንፉድ ዛፍ ገነደሰው፤ ጎረቤቱ ፔምባ ግን በአብዛኛው ተረፈ። በዓመቱ፣ በሰኔ 1873፣ በርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት የባሕሩን የባሪያ ንግድ የሚከለክል ውል ፈረመ፤ የዛንዚባር ገበያም ተዘጋ። ፔምባ ግን ለቃሚ ፈለገች። ስለዚህ ነጋዴዎች ባሮቹን በየብስ ወደ ሰሜን እየነዱ፣ በሌሊት በጀልባ ያሻግሯቸው ጀመር። ገበያው ቢዘጋም ሰብሉ የሚፈልገው እጅ አልቀነሰም።

ባርነት በሕግ ፊት ዋጋ ያጣው ደሴቶቹ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ከገቡ ከዓመታት በኋላ፣ በ1897 ነው። ሹማምንቱ ምርቱ እንዳይወድቅ ስለፈሩ ነፃነቱን በብዙ ነገር አጠሩት። ባሪያው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ፣ መኖሪያና መተዳደሪያ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። ካሳው የተከፈለው ለጌታው ነው። ዕቁባቶች ደግሞ ከዐዋጁ ተገልለው እስከ 1909 ጠበቁ፤ ልጇ ዙፋን ላይ የወጣላት ሐበሻ ሴት ብጤዎች መጨረሻ ነፃ ወጡ ማለት ነው።

የቅርንፉድ ታሪክ የሱልጣንና የመርከብ ታሪክ ሆኖ ሲተረክ ያመኛል። ሀብቱን የፈጠሩት ዛፍ ላይ የወጡት ናቸው፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ግን የላባቸውን ዋጋ የጠየቀላቸው ሰው አልነበረም። ታሪኩን የምንነግር ሰዎች ከእነሱ መጀመር አለብን።