ለውሾችና ለድመቶች በክሊኒክ ውስጥ የሚሰጥ የደምና የላቦራቶሪ ምርመራ

በክሊኒክ ውስጥ የሚሰጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ማለት ከታመመ ወይም ለቀዶ ሕክምና ከተዘጋጀ ውሻ ወይም ድመት የተወሰደ የደም፣ የሽንት፣ የዓይነ ምድር ወይም የቆዳ ናሙና ወደ ሌላ ተቋም ሳይላክ በዚያው በእንስሳት ሕክምና መስጫው ተመርምሮ ውጤቱ የሚገለጽበት አገልግሎት ነው። አብዛኛው ውጤት ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚደርስ ሐኪሙ በዚያው ቀን ሕክምና እንዲጀምር ያስችላል። ሆኖም ላቦራቶሪ የሌላቸው ክሊኒኮች ስላሉ፣ ላቦራቶሪ ያላቸውም ሁሉንም ዓይነት ምርመራ ስለማያከናውኑ፣ ተገልጋዮች እንስሳውን ይዘው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት የሚፈልጉት ምርመራ መኖሩንና ክፍያውን በስልክ ቢያረጋግጡ ከድካም ይድናሉ።

የደም ምርመራ

ደም ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከፊት እግር ወይም ከአንገት የደም ሥር ነው። ለተለመዱት ምርመራዎች ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ስለሚኖረው፣ 10 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ ይህ መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ደሙ ተወስዶ ይደክምብኛል» የሚለው ስጋት በባለቤቶች ዘንድ በተደጋጋሚ ቢሰማም መሠረት የለውም።

ቀላሉና በጣም ጠቃሚው ምርመራ የቀይ የደም ሕዋሳትን ድርሻ መለካት ነው። ጥቂት ደም የያዘች ቀጭን የመስታወት ቱቦ በሴንትሪፊዩጅ ለጥቂት ደቂቃዎች ስትሽከረከር ቀይ ሕዋሳቱ ከታች ይጠቀጠቃሉ። በጤነኛ ውሻ ድርሻቸው በአብዛኛው ከ37 እስከ 55 በመቶ ሲሆን፣ በድመት ከዚህ ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ የሚለየው ፈሳሽም ለባለሙያ ብዙ ይናገራል፤ ቢጫ ከሆነ የጉበት ሕመም ወይም የቀይ ሕዋሳት መፍረስ፣ እንደ ወተት ከነጣ እንስሳው በቅርቡ ቅባት ያለው ምግብ መብላቱን ሊያመለክት ይችላል።

መዥገር በሚበዛበት አካባቢ ለሚኖሩ ውሾች ደሙን በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ተገቢ ነው። በዚህ መንገድ ባቤሲያ የተባለው የቀይ የደም ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ፣ አልፎ አልፎም በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ኤርሊኪያ ይታያል። ባቤሲያ ቀይ ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱም ሊጠቁር ይችላል። ኤርሊኪያ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች ቁጥር ስለሚቀንስ ውሻው በአፍንጫው ሊደማ ይችላል። ተሕዋሲው በማይክሮስኮፕ አለመታየቱ በሽታው የለም ለማለት አያበቃም፤ በተለይ በቆየ ሕመም በደም ውስጥ ቁጥሩ በጣም ጥቂት ይሆናል።

የውስጥ አካላት ሁኔታ የሚታየው በደም ኬሚስትሪ ምርመራ ነው። ለጉበት ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው ኢንዛይም፣ ለኩላሊት ዩሪያና ክሬያቲኒን፣ ከእነዚህ ጋርም ስኳርና ፕሮቲን ይለካሉ። ክሬያቲኒን ከመደበኛው መጠን በግልጽ የሚያልፈው ኩላሊቱ ከሥራ አቅሙ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን ካጣ በኋላ ነው። በመሆኑም ውኃ አብዝቶ ለሚጠጣ ያረጀ ድመት የደም ውጤቱ «ደህና ነው» ቢባልም ሽንቱን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ የሽንቱ መቅጠን ከደሙ ቀድሞ ይታያልና። ሌላው በድመት ላይ የሚያሳስተው የስኳር መጠን ነው። ድመት በፍርሃትና በመያዝ ብቻ የደሟ ስኳር በከፍተኛ ሁኔታ ሊጨምር ስለሚችል፣ በአንድ ጊዜ ልኬት ብቻ የስኳር ሕመምተኛ ናት ማለት አይገባም።

ከደም ውጭ ያሉ ናሙናዎች

ዓይነ ምድር በተሞላ የጨው ውኃ ተበጥብጦ የትል እንቁላሎች ወደ ላይ ሲንሳፈፉ ይመረመራል። ቡችላዎች የሚያጠቃቸው ወስፋትና መንጠቆ ትል በዚህ ይታወቃል። ሁለቱም ወደ ሰው፣ በተለይም በአፈር ወደሚጫወቱ ሕፃናት የሚተላለፉ በመሆናቸው ምርመራው ለቤተሰቡም ጭምር ይጠቅማል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ከእርድ ቦታ የሚበሉ ውሾች የሚይዙትን፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እጢ የሚፈጥረውን ትንሽ የኮሶ ትል ግን በእንቁላሉ መልክ ከሌሎች የኮሶ ትሎች መለየት አይቻልም። በመሆኑም እንዲህ ያለው ውሻ ውጤት ሳይጠበቅ የኮሶ መድኃኒት በየጊዜው እንዲሰጠው ይመከራል።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ላለበት ቡችላ ደግሞ የፓርቮ ቫይረስ ፈጣን መመርመሪያ አለ፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ አካባቢ ይታወቃል። ቡችላው በቅርብ ቀናት ውስጥ የፓርቮ ክትባት ተከትቦ ከሆነ መመርመሪያው በስሕተት በሽታ አለ ሊል ስለሚችል የክትባቱ ቀን ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል። እከክ ሲኖር ቆዳው ተፍቆ ይመረመራል።

ከምርመራው በፊት

ለአካለ መጠን የደረሰ እንስሳ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳይበላ ቢቀርብ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል፤ ውኃ ግን አይከለከልም። ትናንሽ ቡችላዎችና ግልገል ድመቶች፣ እንዲሁም ኢንሱሊን የሚወስዱ እንስሳት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲጾሙ መደረግ የለባቸውም። የክትባት ካርድ፣ እንስሳው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝርና በዕለቱ የተያዘ የዓይነ ምድር ናሙና ቢቀርብ ሥራው ይፋጠናል።

የእብድ ውሻ በሽታን በሚመለከት

በሕይወት ያለ ውሻ ወይም ድመት የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። በየትኛውም ክሊኒክ ይህን ውጤት መጠበቅ ሕይወት የሚያስከፍል መዘግየት ነው። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ጤነኛ መስሎ ከታየ ለ10 ቀናት ታስሮ ወይም ተዘግቶበት በባለሙያ ክትትል ይደረግበታል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ካልታመመ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የሰውየው ሕክምና ግን ይህ ጊዜ እስኪያልፍ አይቆይም።

በሽታው የሚረጋገጠው እንስሳው ከሞተ በኋላ ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው። ምርመራው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይከናወናል። አንጎሉ ከተጎዳ ምርመራው ስለሚበላሽ የተጠረጠረን ውሻ ጭንቅላቱን መምታት አይገባም። ባለቤቱ ራሱ ጭንቅላቱን ለመቁረጥ ከመሞከር ተቆጥቦ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ከዚህ የተለየው፣ ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ እንስሳት ክትባቱ መሥራቱን የሚለካው የደም ምርመራ ነው። ይህም በክሊኒክ ውስጥ አይሠራም፤ ክሊኒኩ ደሙን ቀድቶ ሴረሙን ከለየ በኋላ ተቀባዩ አገር ዕውቅና ወደ ሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ ውሻ ወይም ድመት ማይክሮቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በክትባቱ ዕለት መገጠም፣ ደሙ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀናት በኋላ መቀዳት፣ ውጤቱም በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ መሆን አለበት። ደሙ ከተቀዳበት ዕለት ጀምሮ ሦስት ወር ሳይሞላ ጉዞው ስለማይፈቀድ፣ ባለቤቶች ዝግጅቱን ትኬት ከመቁረጣቸው ቢያንስ ከአምስት ወር በፊት ቢጀምሩ ይመረጣል።