እህልና ኬላ፦ ዋጋን ማን ይወስን?

በሬዲዮ የቀረበውን ንግግር እነሆ በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ካነበባችሁ በኋላ ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የዛሬው ንግግራችን ስለ ገበያ ዋጋ ነው። የጤፍን ዋጋ ማን ይወስን? ገዢና ሻጭ ተከራክረው ይስማሙበት? ወይስ መንግሥት ይቁረጠው? ይህ የምሁራን ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየቤታችሁ መሶብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

አስኮ የምትኖሩ መንገዱን ታውቁታላችሁ። የአምቦ መንገድ በአስኮ በኩል ወጥቶ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ ይሄዳል። ያ አገር የጤፍና የስንዴ አገር ነው። እህሉ በዚሁ መንገድ ተጭኖ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ይገባል። በደርግ ዘመን ግን እህል በየትኛውም መንገድ እንደ ልቡ አይጓዝም ነበር። በየመንገዱ ኬላ ነበረበት።

ኬላ የቆየ ቃል ነው። በነገሥታቱ ዘመን ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ እህል የሚፈተሽበት፣ የሚያዝበት በር ሆነ። እንዴት? እስቲ ታሪኩን እንመልከት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ጫና ተላቀቀ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው ከገበሬው እህል ገዝቶ ለጦሩ፣ ለሆስፒታሉና ለከተማው ሕዝብ ማከፋፈል ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። «ነጋዴ በመሀል ገብቶ እንዳይበዘብዝ፣ ገበሬውም ሸማቹም ይጠቀም» ተባለ።

በኋላ ግን ኮታ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ገበሬ «ይህን ያህል ኩንታል ታስገባለህ» ይለዋል። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው። ያም ዋጋ ለብዙ ዓመታት ይህን ያህል አልተለወጠም። ነጋዴውም ከገዛው እህል ብዙውን ለድርጅቱ በተቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ እህል በሚበዛባቸው ክፍለ ሀገሮች ደግሞ የግል ነጋዴ እህል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንዳይወስድ ተከለከለ።

ታዲያ ምን ሆነ?

ከገበሬው እንጀምር። እንበልና የአንድ ገበሬ ኮታ 2 ኩንታል ነው። በዚያ ዓመት ዝናብ አጠረ፤ ምርቱ ለልጆቹም አልበቃ አለ። ኮታው ግን አይቀርለትም። ስለዚህ በግ ሸጦ ከገበያ በውድ ዋጋ ይገዛና ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ይህ ተረት አይደለም። በብዙ ቦታ በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው። እንዲህ የሆነበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ለገበያ ብሎ የሚያርስበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወደ ከተማው እንምጣ። የቀበሌ መታወቂያና የራሽን ካርድ ያለው ሰው በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ጤፉን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን በርካሽ ይገዛ ነበር። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሚታደለው ወር አያደርስም። የጎደለውን ለመሙላት ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የጤፍ ዋጋ ከመንግሥቱ ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። አየር ባየር የሚሉት ንግድም ደራ። በኬላ የሚያልፈው ወይ ደፋር ነው፣ ወይ ዘመድ ያለው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ታላቁ ረሀብ በደረሰ ጊዜ ጉዳቱ ባሰ። የረሀቡ ዋና ምክንያቶች ድርቅና ጦርነት ነበሩ። ሆኖም እህል ካለበት አገር ወደሌለበት እንዳይሄድ የሚያግደው ሕግ መከራውን አክብዶታል።

በመጨረሻ መንግሥት ራሱ መንገዱን ለወጠ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ኮታው ቀረ፤ የእህል ኬላው ተነሣ። እህል ባለበት አገርና በሌለበት አገር መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ።

በዓለም ላይ «መንግሥት ከገበያ እጁን ያንሣ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሊበርቴሪያን ይባላሉ። ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ፍሪድሪክ ሃየክ የሚባል የኦስትሪያ ተወላጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 አንድ ቁም ነገር ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዋጋ መልእክተኛ ነው። አምቦ ያለ ገበሬ አዲስ አበባ ጤፍ ማጠሩን በምን ያውቃል? በዋጋው ያውቃል። ዋጋ ከፍ ሲል «እህል አምጡ» ማለት ነው። ዋጋውን በአዋጅ ብታስሩት መልእክቱ ይቀራል፤ እጥረቱ ግን አይቀርም። የኬላው ታሪክ ለዚህ ቃል ምስክር ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ መልስ አለው። ዋጋ የሚሰማው ገንዘብ የያዘውን ሰው ነው። ባዶ እጁን የቆመውን ረሀብተኛ ገበያ አያየውም። እሱን የሚያይ መንግሥትና ወገን ያስፈልጋል። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል፣ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴም አለ። እሱን ዝም በሉት የሚል የለም። ሊበርቴሪያኖቹም ቢሆኑ ማታለልና ስርቆት በሕግ ይቀጣ ይላሉ።

እንግዲህ ቁጥጥር ሁሉ አንድ አይደለም። ሚዛንን የሚጠብቅ ቁጥጥር አለ፤ ዋጋን የሚያስር ቁጥጥርም አለ። የፊተኛው ገዢና ሻጭ እንዲተማመኑ ያደርጋል። የኋለኛው ለጊዜው ደስ ያሰኝና ዕቃውን ከመደርደሪያ ያጠፋዋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የስኳር፣ የዘይት፣ የሥጋና የሌሎችም ዕቃዎች ዋጋ ጣሪያ ቆርጦ ነበር። ብዙ ዕቃ ከሱቅ ጠፋ፤ ሰልፉ በዛ። ለአብዛኞቹ ዕቃዎች የተቆረጠው ዋጋ በዚያው ዓመት ተነሣ።

ኑሮ ሲወደድ «መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን» ማለት ቀላል ነው፤ ከችግር የሚመጣ ቃል ስለሆነም አይነቀፍም። ግን አብራችሁ ጠይቁ፦ በዚያ ዋጋ ማን ያመርታል? ማን ያመጣል? ለሌለውስ ምን ይደረግለታል? ማንበብ የተማርነው አዋጅ ሲወጣ እንዲህ ብለን እንድንጠይቅ ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ኮታው ገበሬውን የጎዳው እንዴት ነው?
2. የቀበሌ ሱቅ ማንን ጠቀመ? ያልበቃውስ ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ ሚዛንን የሚጠብቅ ቁጥጥር የቱ ነው? ዋጋን የሚያስረውስ?