ሯጭነት በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ

አዲስ አበባን ከሚከቡት ከተሞች መካከል ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ ደግሞ በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ዋና ከተማዋ ከቡራዩ የገፈርሳን ውኃ፣ ከሰበታ የሜታን ቢራ፣ ከሱሉልታ ወተትና ድርቆሽ ስታገኝ ኖራለች። ሩጫ ለእነዚህ ከተሞች መተዳደሪያ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ሩጫ ያደገው በጦር ሰፈር ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሥራው የክብር ዘበኛ ወታደርነት ነበር። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ሲያሠለጥን የነበረው ቀለብና ደመወዝ ከጦሩ የሚቆረጥላቸውን ሰዎች ነው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ከዚያው ከክብር ዘበኛ፣ በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል ወጥተዋል። ሦስቱም እስከ ዛሬ ሻምበል እየተባሉ ይጠራሉ። በዚያ ዘመን ሯጭነት ከማዕረግ ጋር የሚመጣ ነገር እንጂ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ አልነበረም፤ የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የአማተር ደንብም ለሯጭ ገንዘብ መክፈልን ይከለክል ነበር።

ደንቡ የላላው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ኢትዮጵያ ግን ለውጡ ወዲያው አልጠቀማትም፤ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ከሴኡል ኦሊምፒክ ቀርታለች። ደርግ ከወደቀ በኋላ በሩ ተከፈተ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በማራቶን አሸነፉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ በሕንፃና በሆቴል ላይ ሲያውል ደግሞ፣ ከአርሲ እስከ ጎጃም ያለ ወጣት እግር ቤት እንደሚሠራ በዓይኑ አየ። ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ የሚመጣው በዛ።

ሱሉልታን ተፈላጊ ያደረጋት መሬቷና አየሯ ነው። ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሰውነትም ጉድለቱን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አላት፤ እንጦጦም ቅርቧ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የተተከለው ለማገዶ ነበር፤ ዛሬ ግን ሯጭ ጉልበቱን ከአስፋልት የሚያሳርፍበት ጫካ ሆኗል። ሰበታ ከሱሉልታ በአራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል፣ ፍጥነት ለሚፈልገው የአስፋልት ልምምድ ትመረጣለች። ቡራዩ በዚህ ታሪክ ከሁለቱ ያነሰ ስም ነው ያላት።

ልምምዱ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። የክለቡ ሰርቪስ ከየሰፈሩ ሯጮችን እየለቀመ፣ አሠልጣኙ ለዕለቱ ወደ መረጠው ጫካ፣ ኮሮኮንች ወይም አስፋልት ይወስዳቸዋል። ጫካ ውስጥ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ እያንዳንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይሮጣል። መሪው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ ለኋለኛው በእጁ ያመለክታል። ለብቻ መሮጥ አይወደድም፤ ለጤና እንጂ ለውድድር አይሆንም ይባላል።

አትሌት መባልም የሚመጣው ከዚሁ ከቡድኑ ነው። በዚህ ረገድ ትራያትሎንን ማነጻጸር ይጠቅማል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን ያጣመረው ይህ ስፖርት በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሃዋይ ላይ አይረንማን የተባለው ረጅም ትራያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩን የጨረሰ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ ራሱን ትራያትሌት ብሎ ይጠራል፤ ደረጃውን የሚጠይቀው የለም። ሱሉልታ ላይ ግን ለዓመታት በየማለዳው የሮጠ ልጅ እንኳ ክለብ ካልገባ ገና ሞካሪ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ዓይነት ቱታ መርካቶም ስለሚሸጥ ልብሱ ማስረጃ አይሆንም። እንደ መቻል፣ ንግድ ባንክ ወይም ማረሚያ ቤቶች ያለ ክለብ ሲይዘው ደመወዝ ያገኛል፤ ቀጥሎ ማናጀር ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሽልማቱ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ከዚያ ፓስፖርትና ቪዛ። ብሔራዊ ቡድን ከሁሉም ይጠባል፤ በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር የሚያሰልፈው ቢበዛ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ነው።

ገንዘቡ ከተማውንም ለውጦታል። ሱሉልታ ውስጥ ያያ ቪሌጅ የተባለው የአትሌቶች ማረፊያ ተከፍቷል፤ ቀነኒሳ በቀለም ሆቴልና ሰው ሠራሽ የመሮጫ ትራክ ሠርቷል። እንግሊዛዊው ሞ ፋራህን የመሳሰሉ የውጭ ሯጮች ለወራት እየመጡ ሠልጥነዋል። ባለትራኩ ሲበዛ ነጻው ሜዳ ጠበበ፤ ፋብሪካውና የመኖሪያ ቤቱ ሣሩን እየበላው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ክለብ ያላገኘው ሯጭ ከእነዚሁ ከተሞች በአንዱ ክፍል ተከራይቶ ሌላ ዓመት ይሞክራል፤ ወይም ለሌላው አሯሯጭ ይሆናል፤ አለዚያም ወደ ወላጆቹ እርሻ ይመለሳል።